የእትዬ ይርገዱ አደስ

ነገሩ የተጀመረው ገና ካለፈ በኋላ በነበረው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ትምህርት ቤት ለመሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ አከራዬ እትዬ ይርገዱ የክፍሌን በር በጉልበታቸው ገፋ አድርገው ገቡ።

"ቅዳሜ ሥራ አለሽ?" አሉኝ።

"የለኝም።"

"እንግዲያው ብልባላ ትሄጂልኛለሽ። ላቀች ዘንድ።"

እትዬ ላቀች የሟቹ ባለቤታቸው የጋሽ ሞላ እህት ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸው ነበር። እኔም ይህን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አውቅ ነበር። እትዬ ይርገዱ ግን መልስ የሚጠብቁ ሴት አልነበሩም። "በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባብሻል" ብለው፣ ራሳቸው የከፈቱትን በር እንደተከፈተ ትተውት ወጡ።

እትዬ ይርገዱ ባለፈው ክረምት ወገል ጤና ከተማ፣ ልጃቸው ቤት ሳሉ አረፉ። ያረዳችኝ ልጃቸው ገነት ናት። ስልኩን እንደያዝን ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። በመጨረሻ ገነት፣ "እማዬ ብትሆን ይኼኔ፣ ለመተንፈስ ነው እንዴ ካርድ የምትጨርሱት ትለን ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው። ልክ እንደዚያ ነበር የሚሉን።

ላሊበላ የመጣሁት የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ነው። ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ግቢያቸው አንድ ክፍል ተከራየሁ። ክፍሉን ያሳዩኝ ኋላ ነው፤ መጀመሪያ ያሳዩኝ አጥራቸውን ነበር። ግቢው ዙሪያውን በአደስ የታጠረ ነው። ቅጠሉ ደቃቅና የሚያብለጨልጭ፣ በየጊዜው ስለሚከረከም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነበር። የአበባው ጊዜ ስለነበር ነጫጭ አበቦቹ ላይ ንብ ይርመሰመሳል። እትዬ ይርገዱ አንድ ቅጠል ቀንጥሰው በሁለት ጣታቸው አሹና "አፍንጫሽን አምጪ" አሉኝ። ሳላመጣ ጣታቸው አፍንጫዬ ሥር ደረሰ።

ይህን የማያደርጉት ሰው አልነበረም። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውንም፣ መንገድ ጠፍቶት የገባውን ተሳላሚም አፍንጫውን ያስመጡታል። አንድ ቀን አንድ የቀበሌ ሰው አጥሩ ወደ መንገድ ገፍቷል ብሎ ሊነግራቸው መጣ። ገና ሰላምታ ሳይጨርስ አፍንጫውን አመጣ። ከዚያ "ለባለቤትህ ነው" ብለው እቅፍ ሙሉ አደስ አሸከሙት። ሰውዬው ምን ሊል እንደመጣ ሳይናገር ተመለሰ። እኔም የመጣበትን ጉዳይ ያወቅሁት ኋላ ከሌላ ሰው ሰምቼ ነው።

ሙሽራና አራስ መቀባት የእሳቸው ሥራ ነበር። አደሱን ጤዛው ከደረቀለት በኋላ ይቆርጣሉ፣ ጥላ ውስጥ ያደርቃሉ፣ ወቅጠው በወንፊት ነፍተው ከለጋ ቅቤ ጋር ያሹታል። ቅጠሉን ፀሐይ ላይ ያሰጣች ሴት ካዩ መንገድ ላይ ቆመው ይሰድቧታል። "ሣር አደረግሽው እኮ። በይ አህያሽን ቀቢያት" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የማያውቁት ነገር አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። የአደስ ቁራጭ ተክለው፣ ሥር አወጣ አላወጣ እያሉ በየጠዋቱ እየነቀሉ ስለሚያዩት አብዛኛው ይደርቅባቸዋል። ከዚያ በነፋሱ ያሳብባሉ። አንድ ቀን ደፍሬ "እትዬ፣ ባይነቅሉት..." ብዬ ጀመርኩ።

"ካላየሁት በምን አውቃለሁ?" አሉኝ።

እኔም አልቀጠልኩም። በዝምታዬ ሲቀልዱ ደስ ይላቸው ነበር። ለጎረቤት ሲያስተዋውቁኝ "ተከራዬ ስርጉት ናት። አስተማሪ ነኝ ትላለች፤ በምልክት ነው መሰል የምታስተምራቸው" ይላሉ። እኔ እሥቃለሁ። የሰው ቀልድ በአብዛኛው ያሸማቅቀኛል፤ የእሳቸው ግን አያሸማቅቀኝም ነበር። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ጋሽ ሞላ በገባሁ በዓመቱ ታመው ሞቱ። ጸጥ ያሉ ሰው ነበሩ። የበሩን አደስ መጀመሪያ የተከሉት እሳቸው ናቸው፤ ከብልባላ ከአባታቸው ግቢ አምጥተው። ሌላው አጥር ሁሉ ከዚያ የተባዛ ነው።

በሰፈሩ ልማድ ባሏ የሞተባት ሴት ጸጉሯን ትቆረጣለች፣ ጥቁር ትለብሳለች፣ ራሷን ቅቤ አትቀባም። ዓመቱ ሲሞላ ከባሏ ወገን አንዲት ሴት መጥታ በገዛ እጇ ትቀባታለች፤ ጥቁሩም ያን ዕለት ይወልቃል። አደሱ ከባለ ሐዘኗ ቤት፣ ቅቤው ከሟች ወገን ይሆናል። እስከዚያ ድረስ የባለ ሐዘኗ እጅ ሙሽራ አይነካም። እትዬ ይርገዱን ሊቀቡ የሚገባቸው እትዬ ላቀች ብቻ ነበሩ። ከጋሽ ሞላ ወገን ሌላ ሴት አልተረፈችም።

ጠቡ የተነሣው በአርባው ዕለት ነው። እትዬ ላቀች ሲሰናበቱ በሩ ላይ ቆመው "ይርገዱ፣ ይኼን የሞላን አደስ ዓመቱን ሙሉ አትቁረጪው። እሱም ይዘን" አሉ። እትዬ ይርገዱ አልመለሱም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አደሱ ሊያብብ ሲል፣ ልጇን የምትድር አንዲት የሰፈር ሴት መጥታ ለመነቻቸው። እሳቸው መቀባት ስለማይችሉ ቅጠሉን ቆርጠው ሰጧት። የበሩን ጭምር። "ቁጥቋጦ ሐዘን አያውቅም፤ ካልተቆረጠ ይገረጅፋል" ነበር ያሉት። ወሬው ብልባላ ደረሰ። እትዬ ላቀችም "እንግዲህ ቅቤ ከኔ እንዳትጠብቅ" ብለው ላኩ። መልእክቱ ሲነገራቸው እትዬ ይርገዱ በሰው ፊት "ለመሆኑ የምታለቅሰው ለወንድሟ ነው ለአጥር?" አሉ። ይህም ብልባላ ደረሰ።

ዓመቱ ሞላ፤ የመጣ ሰው የለም። እትዬ ይርገዱ በጥቁራቸው ሁለተኛውን ዓመት ጀመሩ። የነፍስ አባታቸው አንድ እሑድ መጥተው፣ "ዓመቱ አልፏል፣ እኔ ላስወልቅሽ። ማንም አይቆጣም" አሏቸው።

"ጥቁሩንስ ያስወልቁኛል አባ። ቅቤው ውስጥ እጅዎን ይከታሉ?"

ቄሱ ሥቀው ነገሩን ተዉት።

ታዲያ ገና እንዳለፈ የገነት ሠርግ ለጥር መጨረሻ ተቆረጠ። ገነት ሆቴል ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ሙሽራው ወገል ጤና የጤና ባለሙያ ነው። ገነት ለቅቤው ብዙም አልተጨነቀችም። "እማዬ፣ እኔ ጸጉር ቤት እሠራለሁ። ቅቤ ቬሎ ያበላሻል" አለች።

"ማን ጠየቀሽ?" አሏት።

ቦኖ ላይ ግን ሌላ ነገር ይባል ጀመር። ውኃ ልቀዳ ወርጄ ከኋላዬ የቆሙ ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። "ይርገዱ የሰውን ልጅ ሁሉ ቀብታ የራሷን ለጸጉር ቤት ካስክ ልትሰጣት ነው" አለች አንዷ። ሌላዋ "እሷስ የት ልትቀመጥ ነው? ጥቁር ለብሳ ሙሽራ አትሸኝ" አለች። ይህን አላወራሁላቸውም። ግን ያለ እኔም ሰምተውታል መሰለኝ፤ በማግሥቱ ማክሰኞ ነበር በሬን በጉልበታቸው የገፉት።

ቅዳሜ ጠዋት የበሩን አደስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

"ምን ልበላቸው?" አልኩ።

"ምንም። አንቺን የምልክሽ ለዚህ አይደል? ሌላ ሰው ብልክ መንገድ ላይ ነገር ይጨምርበታል። አደሱን ከተቀበለች ተቀበለች። ካልተቀበለች ይዘሽው ነይ።"

ገነት እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። "ስለ ጸጉሬ አይደለም" አለችኝ ቀስ ብላ። "ካልተቀባች ሠርጌን ጓዳ ተቀምጣ ነው የምታሳልፈው። አንዴ እንኳ ወጥታ አታየኝም። አውቃታለሁ።"

በሚኒባስ ብልባላ ወረድኩ። ከመንገዱ ወደ እትዬ ላቀች ቤት የሚያደርሰውን ቀጭን መንገድ አህያ የምትነዳ ሴት አሳየችኝ። ስደርስ እትዬ ላቀች ለጥምቀት የቤታቸውን ግድግዳ በእበት እየለቀለቁ ነበር። አጭር፣ ቀጭን ሴት ናቸው። እስከ ክርናቸው እበት ነክቷቸዋል።

"የማን ነሽ?" አሉኝ።

"የእትዬ ይርገዱ ተከራይ ነኝ።"

ወደ ግድግዳው ተመልሰው ማለስለሱን ቀጠሉ። "እግሯን አሟታል?"

"አላመማቸውም።"

"እንግዲያው ራሷ መምጣት ትችል ነበር።"

አደሱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ምንም እንዳልል ታዝዣለሁ። ጥቂት ቆይተው ዞሩ። "እጄን ታይዋለሽ። ወዲህ አስጠጊልኝ" አሉ። አስጠጋሁላቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱት፤ ቶሎ ቀና አላሉም።

"የበሩ ነው" አሉ።

"አዎ።"

ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ። አደሱ እንዳይጠወልግ ጥላ ፍለጋ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞር ስል በእሾህ በደንብ የታጠረ ቦታ አየሁ። መሀሉ ላይ ያለው አንድ የደረቀ ጉቶ ብቻ ነው። የደረቀ ጉቶ የሚያጥር ሰው አይቼ ስለማላውቅ ቆሜ አየሁት። እትዬ ላቀች ከኋላዬ መጡ።

"ፍየል ናት" አሉ። "ሞላ ከመሞቱ በፊት። ቅርፊቱን ዙሪያውን ጋጠችው። ያቆጠቁጥ ይሆናል ብዬ አጠርኩለት፤ አላቆጠቆጠም። አባታችን የተከለው ነው፤ ሞላም የወሰደው ከዚህ ነው።"

"ጋሽ ሞላ ያውቁ ነበር?"

"ታሞ ለተኛ ሰው የአባትህ አደስ ሞተ ልበል?"

"ለእትዬ ይርገዱስ?"

"ለእሷ? ለእሷማ ብነግራት የኔ ብቻ ቀረ ብላ አገር ታዳርስብኛለች።" እጃቸው ላይ የደረቀውን እበት መፋቅ ጀመሩ። "የበሩን አትቁረጪው ያልኳት ፍሬ እስኪይዝ ነበር። ፍሬውን ለቅሜ ልዘራ። ሳያብብ ቆረጠችው።"

ስመለስ ተቀበሉኝም አልተቀበሉኝም ማለት አልቻልኩም። አደሱን ጓዳው ደጃፍ ላይ እንዳስቀምጠው በአገጫቸው ብቻ ነው ያመለከቱኝ። ምን ልበላቸው ስላቸውም "ምንም አላለችም በያት" አሉኝ።

እኔ ግን ለእትዬ ይርገዱ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። በአንድ ጊዜ ያን ያህል አውርቻቸው አላውቅም። እሳቸውም አላቋረጡኝም።

"ዘር ፈልጋ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ።"

"ታዲያ ዘር ስጪኝ አትልም? ይዘን፣ ይዘን ትለኛለች እንዴ?" በሩ ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እኔም ምነው አላልኳትም። ዝም ብዬ ቆረጥኩ።"

ፍሬ እስኪይዝ ብዙ ወራት እንደሚፈጅ፣ ከግንዱ ሥር የበቀለው ቡቃያ ከነሥሩ ቢነቀል እንደሚሻል ነገርኳቸው። የሰሙኝ አልመሰለኝም ነበር። ጥምቀት ባለፈ ቅዳሜ ማለዳ ስነሳ ግን የበሩን አደስ ሥር ቆፍረው ደህና ሥር ያለው ቡቃያ ከነአፈሩ አውጥተው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለውታል። ለተከላ ጊዜው አልነበረም፤ ግን ክረምት እስኪመጣ ሠርጉ ያልፋል። ተመልሼ የምላክ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

"ተይው፣ እኔው እይዘዋለሁ" አሉ። "አንቺ ተከተዪኝ።"

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ "እማማ፣ ችግኙ ከላይ ይጫን" አላቸው።

"አንተ ከላይ ተጫን" አሉትና ጭናቸው ላይ አድርገውት ተቀመጡ። ብልባላ እስክንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ስለ ፍየል ክፋት ሰማ። ከሚኒባሱ ወርደን በእግር ስንሄድ ግን እያደር ፍጥነታቸው ቀነሰ።

"እነሱ ቤት አንድ ልማድ አለ" አሉኝ። "አደስ ግቢ ከገባ ጀምሮ ተተክሎ ውኃ እስኪጠጣ ማንም አያወራም። ሞላ ሲተክል እኔን ጎረቤት ይልከኝ ነበር፤ አትችይም ብሎ። እኔ ምን አስቤ ነው የመጣሁት? ልታነጋግረኝ መጣች ስትል አፌን ይዤ ልቆም ነው?"

"ምናልባት ይሻላል" አልኩ።

አፍጥጠው አዩኝ፤ ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እትዬ ላቀች ደጃፍ ላይ ነበሩ። እትዬ ይርገዱን አዩ፣ ጆንያውን አዩ። እትዬ ይርገዱ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እትዬ ላቀች ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና ወደ ቤቱ ጀርባ ሄዱ። ተከተልናቸው። እሾሁን አንስተው ጉቶውን በዶማ መንቀል ጀመሩ። ጉቶው ቶሎ አልተነቀለም። እትዬ ይርገዱ ችግኙን ለእኔ ሰጥተው፣ ነጠላቸውን አሸርጠው በሌላው በኩል ሳቡት። ሁለቱም እያለከለኩ፣ እያቃሰቱ፣ ያለ አንዲት ቃል ነቀሉት።

እትዬ ላቀች ችግኙን ጉድጓዱ ውስጥ ሲያስገቡት ከልክ በላይ ወደ ታች ቀበሩት። እትዬ ይርገዱ ሊናገሩ ሲሉ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ደግመው አዩት፤ አልቻሉም። እጃቸውን ዘርግተው የእትዬ ላቀችን እጅ ከነችግኙ ያዙና ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አደረጉት። እኔ አሁን ይጣላሉ ብዬ ነበር። እትዬ ላቀች እጃቸውን አልነጠቁም። አፈሩን አብረው መለሱ፤ እኔም ከእንስራው ውኃ አፈሰስኩ።

ውኃው ሲሰርግ እትዬ ላቀች "በይ አሁን ተናገሪ፣ ሳትፈነጂብኝ" አሉ።

እትዬ ይርገዱ ግን የሚናገሩት ነገር አልመጣላቸውም። "ፍየሏን ሸጥሻት?" አሉ።

"በላናት።"

"ጥሩ።"

እትዬ ላቀች ተነስተው ገቡ። ሲመለሱ በጣባ ለጋ ቅቤ ይዘዋል። ቅቤው ተቀምሞ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሽታው እኔ ዘንድ ድረስ መጣ።

"ይቺ ልጅ ያመጣችው ነው" አሉ። "ከወቀጥኩት ሰነበተ።"

"ታዲያ ምነው አልመጣሽም?"

"ትምጣ ብዬ ነዋ።"

እትዬ ይርገዱ ሻሻቸውን ፈትተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጸጉራቸው አጭርና ሸበቶ ነበር። እትዬ ላቀች ቅቤውን መሀል አናታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ማሸት ጀመሩ። ጭቃው ከእጃቸው በደንብ አልለቀቀም።

"ያልሽውን ሰምቼዋለሁ" አሉ እያሹ። "ለአጥር ነው የምታለቅሰው ያልሽውን።"

"ብያለሁ።"

"እንዳትደግሚው።"

"አልደግመውም። ቅቤውን ጆሮዬ ውስጥ አታስገቢው።"

እትዬ ላቀች የራሳቸውን ነጭ ቀሚስ አውጥተው አለበሷቸው። አጠራቸው፤ ቁርጭምጭሚታቸው ወጥቶ ታየ። ወደ ላሊበላ የሚመለስ መኪና ስላልነበረ እዚያው አደርን። እንቅልፍ ሲወስደኝ ሁለቱ ገና ያወሩ ነበር።

ገነትን በሠርጓ ሳምንት እትዬ ይርገዱ ራሳቸው ቀቧት። እሷም ጸጉር ቤቱን ትታ፣ እያማረረችም ቢሆን፣ እግራቸው መሀል ተቀመጠችላቸው። በሠርጉ ዕለት እትዬ ይርገዱ ከእትዬ ላቀች ጎን ዳሱ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ የሙሽራውን ሚዜዎች አንድ በአንድ አፍንጫቸውን አስመጡ። ዓመት ሳይሞላ ገነት ስትወልድ አራስ ሊጠይቁ ወገል ጤና ሄደው እዚያው ቀሩ። አደስ ይዘው ሄደው ነበር፤ ገነት እንደምትለው እዚያ ብርዱ በረታበትና ብዙም አላደገም። እኔ አሁንም የምኖረው በዚያው ክፍል ነው።

ብልባላ ባደርንበት ማግሥት ጠዋት እትዬ ላቀች ጥቁሩን ቀሚስ አጣጥፈው አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። "አንቺ ከሁለታችንም ወገን አይደለሽም። አንቺ ብታጥቢው ይሻላል" አሉኝ። ከቤቱ በታች ወዳለው ወንዝ ወረድኩ። ቤት ውስጥ በቀለም የተነከረ ስለነበር ጨርቁን ውኃ ውስጥ ስከተው ዙሪያው ጠቆረ። ደጋግሜ አሸሁት፣ ጨመቅኩት፣ መልሼ ነከርኩት። ቆይቶ ከጨርቁ የሚወርደው ውኃ እየጠራ መጣ። ቀሚሱን ድንጋይ ላይ ዘረጋሁና እስኪደርቅ አጠገቡ ተቀመጥኩ።